የእናታችን ጉልበት ይቅደም ወይስ የወንድማችን?



አማርኛችን «ጉልበት» ሲል አንድም የእግርን መታጠፊያ፣ አንድም አቅምን ማለቱ ነው። በኛ በደቡብ ወሎ ቦረና ሁለቱን ለይቶ የሚናገር ሰው አይገኝም። «ጉልበቴ ከዳኝ» ያለ አባት መራመድ አቃተኝ ማለቱም ነው፣ ቤቴን ማስተዳደር አቃተኝ ማለቱም ነው። ከመካነ ሰላም ደጋ ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የተመለሰ ሰው ይህን ማንም እንዲያስረዳው አይሻም። ምንጩ ቁልቁለት፣ ማሳው ተዳፋት፣ ገበያው ዳገት ነው። በዚህ ላይ ሙስሊም በቀን 17 ረከዓ ፈርድ ይሰግዳል። በእያንዳንዱ ረከዓ ሁለት ሱጁድ አለ። ሱናውን ሳንቆጥር በቀን 34 ጊዜ ሱጁድ እናደርጋለን ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ቆጥሮት አያውቅም። ጉልበቱ የታመመ ግን እያንዳንዱን ይቆጥራል።

እኛ የአንድ እናት ስድስት ልጆች ነን። ሁለታችን እዚያው መካነ ሰላም ዙሪያ፣ አንዳችን ደሴ፣ ሁለታችን አዲስ አበባ፣ ታናሻችን ጅዳ። እናታችን 66 ዓመቷ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቶቿ ታመዋል። ታላቅ ወንድማችን 43 ዓመቱ ነው፤ አራሽ ነው፣ አምስት ልጆች አሉት፣ ቀኝ ጉልበቱ ከታመመ ስድስት ዓመት አልፎታል። ጅዳ ያለችው እህታችን ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ደግሞ በዚህ ዓመት ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር። ይህን የምንጽፈው በሁለቱም ፈቃድ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ምክክር እንዳለ ስለምናውቅ፣ እኛ ጠይቀን የደረስንበት ለሌላው ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአጭሩ እንለፋቸው። ቅቤ ታሸ፣ ወጌሻ ታየ፣ ሒጃማ ተደረገ፣ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ተገዛ። ወጌሻን አንንቅም፤ የወለቀ ክንድ ሲመልሱ አይተናል። ያለቀ ልም አጥንት ግን በማሸት አይበቅልም። ሒጃማውም ለእናታችን ጥቂት ቀን እፎይታ ይሰጣት ነበር፤ አጥንት ከአጥንት ጋር መፋተጉን ግን አላስቆመውም። ከሁሉም ያስፈራን ዳይክሎፌናኩ ነው። እናታችን ደም ግፊት አለባት። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ጨጓራንና ኩላሊትንም እንደሚጎዳ የነገሩን በኋላ ነው። ከሱቅ እንደ ከረሜላ እየገዛችሁ ለወላጆቻችሁ የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ በአላህ ይሁንባችሁ መጀመሪያ ግፊታቸውን አስለኩ።

ሁለቱንም ደሴ አምጥተን ለአጥንት ሐኪም ስናሳያቸው መጀመሪያ የተጠየቅነው ራጅ ነበር። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ የተነሱት ተኝተው ነበርና ሐኪሙ እንደገና ቆመው እንዲነሱ አዘዙ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሰው ሲተኛ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይከፈታል፣ ጉልበቱ ጤነኛ ይመስላል። ሲቆም ክብደቱ ያርፍበታል፣ ያለቀው ቦታ ይታያል። በቆመው ራጅ እናታችን ጉልበት ውስጥ ክፍተት የሚባል ነገር አልነበረም። በውስጥም በውጭም፣ ከሎሚውም ጀርባ፣ ሁሉም አልቋል። የወንድማችን ግን የተበላው በውስጥ በኩል ያለው ብቻ ነበር። ድሮም ሲቆም ሁለቱ ጉልበቶቹ አይገናኙም፤ እግሩ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። ጫማው በአንድ ጎን ብቻ እንደሚበላ ሁሉ ጉልበቱም በአንድ ጎን ተበልቷል።

ለአንድ ጉልበት አራት ዓይነት ቀዶ ሕክምና ሊነሳ እንደሚችል ያወቅነው ያኔ ነው።

አንዱን ቀድሞም ሰምተነው ነበር። አንድ የምናውቀው ሰው «በካሜራ አስጠርጉላት፣ በሁለት ቀን ትሄዳለች» ብሎን ነበር። ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ካሜራ ይገባል፣ የተበጣጠሰው ይጠረጋል፣ ይታጠባል። ርካሽ ነው፣ ቁስሉም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ልብ ይስባል። ሐኪሙ ግን ለእናታችን አይረዳትም አሉ። በ2002 እ.ኤ.አ በአሜሪካ ሂውስተን የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። ጉልበታቸው ያለቀ 180 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ፦ አንዱ ክፍል ተጠረገለት፣ ሁለተኛው ታጠበለት፣ ሦስተኛው ቆዳው ብቻ ተቀዶ ተሰፋለት። ማን ምን እንደተደረገለት ሕመምተኞቹ አያውቁም። ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው በሦስቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። በ2013 ደግሞ ፊንላንድ ውስጥ በዕድሜ ብዛት ሜኒስከሳቸው የተቀደደ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ ውጤቱ ያው ሆነ። ኳስ ሲጫወት የተጎዳ ወጣት፣ ወይም ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለሱ ካሜራው ቦታ አለው። ለአሮጊት እናት ያለቀ ጉልበት ግን ገንዘብ ማውጣት ነው። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ብቻ «እስኪ እንሞክረው» እንዳትሉ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ሠራሽ ጉልበት ናቸው። ሙሉው ሲቀየር የጭኑ አጥንት ጫፍና የቅልጥሙ ራስ ተስተካክለው ይቆረጡና ብረት ይለብሳሉ፤ በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። በከፊል ሲቀየር የተበላው ጎን ብቻ ይለብሳል፣ የቀረው የራስ ሆኖ ይቆያል። ከእንስሳ የተወሰደ ነገር የለበትም ወይ ብለን ጠይቀናል፤ ብረትና ፕላስቲክ ነው ተብለናል። የቱ ይሻላል ለሚለው፣ በ2019 እ.ኤ.አ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ሁለት ነገር አውጥቶ ነበር። በእንግሊዝ 528 ሰዎችን አምስት ዓመት የተከታተለው ጥናት በከፊሉና በሙሉው መካከል በሕመምና በእንቅስቃሴ የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ በወጪ ግን ከፊሉ ይቀላል። ዕድሜን ያየው ሌላው ጥናት ደግሞ ሙሉ ከተቀየሩት ከመቶ 82 ያህሉ፣ በከፊል ከተቀየሩት 70 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ ይላል። እናታችን ግን በዚህ መካከል ምርጫ አልነበራትም። ከፊል የሚሆነው ሌላው ጎን ጤነኛ ሲሆን ነው፤ የሷ ሁሉም አልቋል። ለሷ የሚሆነው ሙሉው ብቻ ነው።

አራተኛውን ግን ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም። አጥንቱን ማቃናት ነው። ከጉልበት በታች ያለው የቅልጥም አጥንት ይቆረጣል፣ በአንድ ጎን ትንሽ ይከፈታል፣ በብረትና በብሎን ይታሰራል። እግሩ ይቃናል፣ ክብደቱም ከተበላው ጎን ወደ ጤነኛው ይዛወራል። ጉልበቱ የራሱ ሆኖ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ጉልበት ሰው ሸክም ሊሸከም፣ ሊያርስ፣ ተንበርክኮ ሊሰግድ ይችላል። ብዙዎቹን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ከሰው ሠራሽ ጉልበት ያቆያቸዋል። ጉዳቱ ማገገሙ ነው፤ ሳምንታት በክራንች፣ አጥንቱ እስኪገጥም ወራት። የሚያጨስ ሰው አጥንት ቶሎ ስለማይገጥም ሐኪሙ ወንድማችንን ስለ ሲጋራ አጥብቀው ጠየቁት። አያጨስም፣ አልሐምዱሊላህ።

«ታዲያ ለምን እንደ ሰው ጉልበቱን አንቀይርለትም?» ያልን ነበርን። መልሱ ዕድሜው ነው። የተቀየረ ጉልበት ይበላል፤ አራሽ የያዘው ደግሞ ይበልጥ ይበላል። በእንግሊዝ የተሠራ ስሌት ጉልበታቸውን በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የቀየሩ ወንዶች ከመቶ እስከ 35 የሚደርሱት በሕይወት ዘመናቸው እንደገና እንደሚቀደዱ ያሳያል። ከ70 ዓመት በኋላ ለቀየሩት ከመቶ 5 ገደማ ነው። ወንድማችን ገና 43 ነው። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከመጀመሪያው የከበደ ነው፤ ዕቃውም ከውጭ የሚመጣ በዶላር የሚገዛ ነው። አገራችን ውስጥ የአጥንት ሐኪሞች ቀንና ሌሊት የሚዋከቡት በመኪና አደጋና በተሰበረ አጥንት ነው። ጉልበት ለመቀየር የሚጠብቀው ሰው ወረፋው የሚረዝመው ለዚህም ነው። አንድ ጊዜ ያስቀየረ ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ ሐኪም አጠገቡ ያገኛል ማለት አይቻልም፤ በተለይ ከደሴ አልፎ፣ አቀስታን ተሻግሮ ለሚኖረው ለኛ ሰው።

አሁን ወደ እናታችን እንመለስ፤ ነገሩ የከበደው እሷ ጋ ነውና።

እናታችን ቀዶ ሕክምናውን የፈለገችው ለአንድ ነገር ነበር፦ ለሱጁድ። የቤቱን ምሰሶ ይዛ ትወርዳለች፣ ምሰሶውን ይዛ ትነሳለች፣ ወንበር ላይ ስገጂ ስንላት ትቆጣለች። «ግንባሬን አፈር ሳላስነካ ልሙት?» ትላለች። ስለዚህ ሐኪሙን በግልጽ ጠየቅናቸው፦ ጉልበቷ ቢቀየር እንደ ድሮዋ ትሰግዳለች? እሳቸውም በግልጽ መለሱ። ሙሉ የተቀየረ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠፈው እስከ 110 ወይም 120 ዲግሪ ነው። ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ግን ወደ 150 ይፈልጋል። ተንበርክኮ መሬት መንካቱ ዕቃውን አይሰብረውም፤ ለስላሳ ነገር አንጥፈው የሚችሉ አሉ፤ ብዙዎች ግን ይከብዳቸዋል። ሕመሙ ይሄዳል፣ ሌሊት ትተኛለች፣ መንገድ ትሄዳለች። ሱጁዱን ግን ቃል አልገባም አሉ። ጅዳ ያለችው እህታችን ይበልጥ እንዲታጠፍ ተብሎ የተሠራ ጉልበት እንዳለ ሰምታ ነበር። እሱንም ጠየቅን። ጥናቶቹ ሲነጻጸሩ ከተለመደው ይህን ያህል የሚለይ ሆኖ አልተገኘም።

በዚያ ላይ ሁሉም ሰው ደስተኛ ሆኖ አይወጣም። ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ጉልበቱ ተቀይሮም የጠበቀውን አላገኘሁም ይላል። ከመቶ አንድ ወይም ሁለቱ ደግሞ ውስጡ ይመረቅዛል፤ ያ ከሆነ መከራው ብዙ ነው። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምንጽፈው። ቤተሰብ ሳያውቀው መግባት ስለሌለበት ነው።

የሱጁዱን ነገር የሰፈራችን ሸኽ ዘንድ ወሰድነው። እሳቸው ሲጀምሩ ፈገግ ብለው «እናንተ ሐኪም የምትጠይቁትን እኔን፣ እኔን የምትጠይቁትን ሐኪም ትጠይቃላችሁ» አሉን። ከዚያ ለእናታችን የዒምራን ኢብን ሑሰይንን (ረ.ዐ) ታሪክ ነገሯት። ኪንታሮት ታሞ ስለ ሰላት ሲጠይቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያንንም ካልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ መርተውታል። ሐዲሱ ቡኻሪ ዘንድ አለ። ሌላም አከሉላት፦ በጤንነቱ ይሠራ የነበረውን መልካም ሥራ ሕመም ያስተጓጎለበት ባሪያ ምንዳው እንደ ጤንነቱ ጊዜ ይጻፍለታል። ወንበር ላይ የሚሰግድ ሰው ለሱጁዱ ከሩኩዑ ዝቅ ብሎ ማጎንበስ እንዳለበትም በተግባር አሳዩዋት። እናታችን ዝም ብላ አዳመጠች። በማግስቱ ዙህርን ወንበር ላይ ሰገደች። እኛ ሁለት ዓመት ለምነን ያቃተንን ነው።

እዚያው ሳለን ሌላ ጥያቄ አነሳን፤ ብዙ ሙስሊም ሳያውቀው የሚያልፈው ስለሆነ እንጻፈው። ከእግር ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም እንዳይረጋ መርፌ ይሰጣል። ሄፓሪንና ኢኖክሳፓሪን የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ አንጀት የሚወጡ ናቸው። እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉ የሚዋጡ፣ ከእንስሳ ያልሆኑ አማራጮች አሉ፤ ለአንዳንድ ሕመምተኛ አስፕሪንም ይበቃል። ሸኹ ያሉን ሐኪሙ ይሆናል ያለው ሌላ አማራጭ ካለ በሱ ነው፤ ከሌለ ግን ነፍስን ማዳን ዶሩራ ነውና ሰውየው መርፌውን እንቢ ብሎ ራሱን ለአደጋ አይስጥ። ቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ነው ዋናው። ሐኪማችን ሙስሊም አይደሉም፤ ጥያቄውን በክብር ነው የተቀበሉት።

የቀረው ገንዘቡ ነበር። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን፣ ጅዳን ከመካነ ሰላም አገናኝተን ተሰበሰብን። ታናሻችን ገና ሰላምታው ሳያልቅ «እኔ የሠራሁት ለእማዬ ብዬ ነው» አለች። ሰባት ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋ፣ የሰው ቤት ወልውላ ያገኘችው ነው፤ ማን ምን ይላታል? አዲስ አበባ ያለነውም ከሷ ጋር ነበርን። ወላጅ ይቀድማል አልን። ወንድማችን ራሱም «እኔ ሰው ነኝ? የሷ ይሁን» ብሎ ተነስቶ ሊወጣ ፈለገ። ተነስቶ እስኪወጣ ድረስ የፈጀበትን ጊዜ ሁላችንም አየን።

እናታችን ያኔ ነው የተናገረችው። «የኔ ልጅ፣ ገንዘቡን ለኔ ሰጥተሽኝ የለ? ሰጥተሽኛል አይደል? እንግዲህ የኔ ነው። የኔን ገንዘብ ለልጄ ሰጠሁ። ይሄ ልጅ ከወደቀ አምስቱ ልጆቹ በኔ ላይ ነው የሚወድቁት፤ ያኔ የብረት ጉልበት ምን ያደርግልኛል?» ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ ለቅሶ ሰማን።

በለቅሶ ብቻ ግን አልወሰንንም፤ ሐኪሙ የነገሩን አንድ ነገር ሚዛኑን ደፍቶት ነበር። የወንድማችን ቀዶ ሕክምና ጊዜው የሚያልፍበት ነው። የሚሠራው አንዱ ጎን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ነው፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ ያኛውም ጎን ይበላና ማቃናቱ ትርጉም ያጣል። የእናታችን ግን በሩ አይዘጋም። የሚቀየረው ያለቀ ጉልበት ነው፤ የሷ ደግሞ አልቋል። ጡንቻዋ እንዳይደክምና ጉልበቷ እንዳይደርቅ ከተጠበቀ ዘንድሮ ያልሆነው ለከርሞ ይሆናል። ዴንማርክ ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ የወጣ ጥናት አለ፤ ጉልበት ለመቀየር የደረሱ 100 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ቀየረ፣ ለግማሾቹ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአመጋገብ ምክርና መድኃኒት ብቻ ሰጠ። የተቀየረላቸው ይበልጥ ተሻላቸው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ካልተቀየረላቸው ግን በዓመቱ ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና የሄዱት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ ከባድ ችግር የገጠማቸውም ከተቀየረላቸው ያነሱ ናቸው። አንድ ዓመት መቆየት እናትን መጣል እንዳልሆነ ለታናሻችን ያሳመናት ይህ ነው። የማቃናቱ ወጪም ከሙሉው ጉልበት ያነሰ ስለነበረ ለሷ የሚሆን መነሻ ተረፈ፤ በቀረው ላይ ዕቁብ ገብተናል።

ወንድማችን ውቂያው ካለቀ በኋላ ጥር ላይ አዲስ አበባ ተቀደደ። የበልጉን እርሻ ጎረቤቶቹ በደቦ አረሱለት፤ አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው። ስድስት ሳምንት በክራንች ሲሄድ ቁስሉ ፋሻ ላይ ስለነበረ ውዱእ ሲያደርግ በላዩ ላይ ያብስ ነበር። ደሴ ወንድማችን ቤት ክሩ እስኪወጣ ቆየ፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ በመኪና ሲንገላታ እንዳይከፋበት ብለን ነው። በአራተኛው ወር የተነሳው ራጅ ክፍተቱ በአጥንት እየሞላ መሆኑን አሳየ። ጧት ጧት ብርዱ ሲበረታ ብረቱ ይሰማኛል ይላል። በሰኔ ሞፈር ይዟል።

ለእናታችን መጀመሪያ የገዛነው ነገር መድኃኒት አልነበረም። አናጺ ጠርተን መሐሉ የተከፈተ የእንጨት ወንበር አሠራንና መጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ላይ አደረግንላት። የሚያሳፍር ወሬ ይመስላል። ግን እናቶቻችን ለመቀመጥና ለመነሳት ስለሚያማቸው ብቻ ውሃ ሳይጠጡ እንደሚውሉ ስንቶቻችን እናውቃለን? ምርኩዙንም ይበልጥ በሚያማት ጉልበት ተቃራኒ በኩል ባለው እጇ እንድትይዝ አስለመድናት፤ አብዛኛው ሰው በታመመው ጎን ነው የሚይዘው። ፊዚዮቴራፒስቱ ደግሞ ሁለት ቀላል ነገር አሳያት፤ ጋደም ብሎ እግርን ዘርግቶ ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ። ከአስር ሶላት በኋላ እግሯን ታነሳለች፤ ስንት እንደሆነ እንዳይጠፋት በመስበሐዋ ትቆጥራለች። ሠላሳ ሦስት በቀኝ፣ ሠላሳ ሦስት በግራ። ሐኪሙ ያዘዙት አሥር አሥር ነበር።

ቀጠሮዋ ለሚመጣው ጥር ነው፤ ቀኙ ይቀድማል። በዱዓችሁ አትርሷት።